አርባ ዓመት በሁለት ጥግ

ኤልደን ክሩዝና ሚስቱ አርዲስ በአርባ አራት ዓመት ትዳራቸው ያልተስማሙበት ነገር ቢኖር ማን ፕሬዚዳንት ይሁን የሚለው ብቻ ነው። ስንት አሳማ እንደሚያረቡ፣ የትኛው ማሳ በቆሎ የትኛው አኩሪ አተር እንደሚዘራበት፣ ልጃቸው ካርላ ማንን ብታገባ እንደሚሻላት፣ በሁሉም አንድ አፍ ነበሩ፤ ካርላ አልሰማቻቸውም እንጂ። አራት ዓመቱ ሞልቶ የምርጫው በረዶ መውረድ ሲጀምር ግን አንድ ቤት ውስጥ ሁለት መንግሥት ይቆማል።

በእኛ በኤልም ስፕሪንግ፣ በመላው አዮዋም ቢሆን፣ ፓርቲው ለፕሬዚዳንትነት ማንን ያቅርብ የሚለውን የምንወስነው በወረቀት ሳይሆን በእግራችን ነው። በጥር ወር በአንዱ ቀን፣ ልክ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ የፓርቲው ሰው ሁሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ይገባል። የእጩዎቹ ስም በየግድግዳው ተለጥፏል። የወደድከው ሰው ስም ሥር ሄደህ ትቆማለህ፣ ትቆጠራለህ። ከተሰበሰበው ሕዝብ ከመቶ አሥራ አምስት እጅ ያልሞላለት ጥግ ይፈርስና ሰዎቹ ወደ ሌላ ጥግ ይበተናሉ። መጋረጃ የለም፣ ምሥጢር የለም። ፓስተሩ ምእመኑን፣ አማት ምራቷን፣ ባል ሚስቱን እያየ ነው የሚመረጠው። ይህን የጥግ ምርጫ ከሩቅ የሚያዩ ሰዎች የልጆች ጨዋታ ይመስላቸዋል። ጎረቤቱ ሁሉ እያየው ብቻውን ቆሞ የማያውቅ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም።

አርዲስ በዚያ አዳራሽ አንድም ቀን በባሏ ጥግ ቆማ አታውቅም። እሱ ከሰዓቱ ሥር ከሆነ እሷ ከበሩ ወገን ናት። ቆጠራው ሊጀመር ሲል ከካፖርቷ ኪስ የሳህን መወልወያ ጨርቅ ታወጣና ከማዶ ሆና ታውለበልብለታለች። «እጅህን ስጥና ና» ማለቷ ነው። ኤልደን ኮስተር ብሎ ራሱን በአሉታ ይነቀንቃል፣ አዳራሹ በሳቅ ያውካካል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቆጠራው የሚጀመረው። አንድ ዓመት የኤልደን ጥግ አንድ ሰው ጎድሎት ፈረሰ። ያቺ አንድ ሰው ማን እንደሆነች ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ኤልደን ሦስት ቀን አኩርፎ አሳማዎቹን ብቻ ሲያነጋግር ሰነበተ። በአራተኛው ቀን አርዲስ እሱ ቆሞ እየሰማ ወደ አሳማዎቹ ሄደችና «እባካችሁ ንገሩልኝ፣ እራት ቀርቧል» አለቻቸው።

እጩ የሚመዝኑበት ሚዛናቸውም ለየቅል ነው። ኤልደን ቢጫ ደብተር አለው። እያንዳንዱ እጩ ስለ በቆሎ፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ ጦርነት ያለውን ይጽፍና እንደ አስተማሪ ከአሥር ያርማል። አርዲስ ደግሞ በዚያው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ለሠላሳ አንድ ዓመት ለልጆች ምሳ የሠራች ሴት ናት፤ ሰውን የምትመዝነው በሳህኑ ነው። እጩዎቹ ከምርጫው ዓመት ቀድመው ወደ እኛ መጉረፍ ይጀምራሉ፤ ሁሉም የሉተራን ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት መጥቶ ሴቶቹ የጋገሩትን የፍራፍሬ ፓይ ሳይቀምስ አይሄድም። ኤልደን ከፊት ወንበር ተቀምጦ ሲጽፍ አርዲስ ከወጥ ቤቱ የምግብ ማደያ መስኮት ጀርባ ቆማ ታያለች። ማን እስከ መጨረሻው በላ? ማን ለአስተናጋጇ ዓይኗን እያየ አመሰገነ? ሳህኑን እዚያው ጥሎ የሄደው ማን ነው፣ ይዞ የመጣውስ?

«አንተ አፋቸውን ስማ፣ እኔ እጃቸውን ልይ» ትለው ነበር።

አንድ ስመ ጥር ሴናተር ግማሹን በልቶ በተረፈው ፓይ ላይ ሶፍቱን ሰክቶ ተነሳ። ኤልደን ለሰውዬው ከአሥር ዘጠኝ ሰጥቶት ነበር። አርዲስ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም፤ በቴሌቪዥን ብቅ ባለ ቁጥር «ያ ሶፍት ሰካው መጣ» ትላለች። ሰው የደከመበትን ምግብ ቆሻሻ መጣያ ያደረገ፣ አገር ቢሰጡት ምን ያደርጋታል ብላ ትጠይቅ ነበር።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። የአርዲስም ሕመም እያሳሳቀ ነው የመጣው። መጀመሪያ ፓይ ውስጥ በስኳር ፋንታ ጨው ጨመረች፣ ተሳሳቁ። የመኪናው ቁልፍ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከቅቤው አጠገብ ተገኘ፣ ያንንም ሳቁበት። ከዚያ የጎረቤት ስም ጠፋት፣ ከዚያ የእህቷ። ሐኪሙ የበሽታውን ስም የነገራቸው ቀን ኤልደን መኪናውን ራሱ እየነዳ ወደ ቤት መለሳት። አርዲስ ናት «አይዞህ፣ አንተም እኮ ብዙ ነገር ትረሳለህ» ያለችው። መሬቱን አከራይተው፣ ከትምህርት ቤቱ ሦስት መንገድ ወዲህ ትንሽ ቤት ይዘው ከተማ ገቡ። አርዲስ ያን የሳህን ጨርቅ ከኪሷ አውጥታ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ ደግሞ ታጥፋለች። ቀኑ እንዲያ ይመሽላታል።

የበቆሎው አጨዳ ሰሞን ከእጩዎቹ አንዷ የሆነችው ኮራ ሜድሊን ወደ ቤተ ክርስቲያናችን መጣች። ከሌላ ግዛት የተወከለች የምክር ቤት አባል ናት፤ አጠር ያለች፣ የዚያን ዕለት ደግሞ ጉንፋን የያዛት። ንግግሯ አልጣመም። በየመሐሉ እያስነጠሰች ቁጥሮቹን ሁሉ አሳከረቻቸው። ኤልደን አራት ሰጣት፤ ለጉንፋኑ ብሎ አንድ ጨመረላት። አርዲስን ከማደያው መስኮት ጀርባ ሽርጧን አስሮላት አስቀምጧት ነበር፤ ቢላዋ እንድትይዝ ግን ሴቶቹ አይተዋትም።

ንግግሩ እንዳለቀ ኮራ ሜድሊን ከጠረጴዛው የሰውን ሳህን ሁሉ ሰብስባ፣ በክንዷ ደራርባ፣ ወጥ ቤት ገባች። እጅጌዋን ሰበሰበች።

«እትዬ፣ የቱ ጋ ላስቀምጠው?» አለቻት አርዲስን።

አርዲስ ብድግ አለች። «እዚያ አይደለም! ብርጭቆ መጀመሪያ፣ ሳህን ኋላ። ማን ነው ያሳደገሽ?»

«እናቴም እንዲሁ ነበር የምትለኝ፤ አልሰማ ብዬ ነው እንጂ» አለች ኮራ፣ ሳቋንና ሳሏን ቀላቅላ።

አንዷ እያጠበች አንዷ እየወለወለች ሃያ ደቂቃ ቆሙ። የኮራ ሰዎች በር ላይ ሰዓታቸውን እያዩ ይቁነጠነጣሉ፤ እሷ እቴ! የመጨረሻዋን ሹካ አጥባ ነው የወጣችው።

መኪናው ውስጥ ገብተው ኤልደን ሞተሩን ሲያስነሳ፣ አርዲስ በድሮው ድምፅዋ «ኤልደን» አለችው።

«አቤት?»

«ይቺን ነው የምመርጠው። አንተ ደግሞ ያንን ጥርሱ የሚያብረቀርቀውን ልትመርጥ ነው፣ አውቅሃለሁ።»

ጥርሱ የሚያብረቀርቀው ዊትኮም የሚባለው አገረ ገዥ ነው፤ በቢጫው ደብተር ስምንት ተኩል ያለው። ኤልደን መንገዱን ሙሉ ፈገግ እያለ ነዳ። እሱነቱን አውቃ በስሙ የጠራችው የመጨረሻ ቀን ያ እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቀም።

ከገና በፊት አርዲስ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ በሌሊት ልብሷ ወጥታ ሄደች። የከተማው በረዶ ጠራጊ የትምህርት ቤቱን የወጥ ቤት በር ስታንኳኳ አገኛት። ልጆቹ ምሳቸው ሳይደርስ ሊመጡ ነው አለችው። ሁለት የእግር ጣቶቿ በብርዱ ጠቁረው ለጥቂት ነው የተረፉት።

ካርላ በሌላ ከተማ ሆስፒታል ነርስ ናት። ሥራዋን ጥላ መጣች። ጥር ሲገባ በከተማችን ዳር ካለው የአረጋውያን መኖሪያ አንድ አልጋ እንደተለቀቀ አጣርታ፣ ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ዓርብ መልስ እንስጥ፣ ሰኞ ትግባ ብለውኛል። ይሄ ካመለጠን ስድስት ወር ወረፋ ነው።»

«እናትሽ ሰው ቤት አትኖርም።»

«በረዶ ጠራጊው ባያገኛትስ ኖሮ?»

«አሁን በሩን እቆልፋለሁ። እኔ አለሁ አይደል?»

«አንተማ አለህ። እሷ አለች ወይ ነው ጥያቄው።» ካርላ ይህን እንዳለች አፏን በእጇ ያዘች። ከአፍ የወጣ ግን አይመለስም።

አርዲስ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ጨርቋን ታጥፋለች። ኤልደን ጆሮው ድረስ ቀላ።

«እናትሽ ራሷን አልረሳችም! ኮራን እመርጣለሁ ያለችኝ እኮ በአጨዳው ነው። በአፏ፣ ስሜን ጠርታ! ሐሙስ የጥግ ምርጫው ነው። አምጪያትና እዪ።»

«ምኑን ነው የማየው?»

«ጥጓን ራሷ ከመረጠች፣ እናትሽ አለች ማለት ነው፤ እዚሁ ቤቷ ትቆያለች። ካልመረጠች...» ዓይኑን ወደ መስኮቱ ጣለ። «ካልመረጠች ያልሽው ይሁን።»

«አንተ አትነግራትም። በዓይንህም ቢሆን።»

«መች ነግሬያት አውቅና! ብነግራትስ መች ሰምታኝ ታውቃለች!»

ካርላ የማታውቀው ነገር ነበር። ከኅዳር ወዲህ አርዲስ ኤልደንን አልጋ ላይ ስታየው ትደነግጣለች። የመጀመሪያው ዕለት ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ፣ ለእንግዳ በሚነገርበት ትሕትና «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዚህ ጋ ባለቤቴ ነው የሚተኛው። አሁን ይመጣል» አለችው። ኤልደን መጀመሪያ የቀለደች መስሎት ነበር። ዓይኗን ሲያይ ግን ትራሱን አንስቶ «እሺ፣ ይቅርታ» ብሎ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሶፋው ላይ ነው የሚተኛው። ጠዋት «እንደምን አደሩ» ትለዋለች፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላታል፣ እንቁላሏን ይጠብስላታል። ይህን ለልጁም ለሐኪሙም አልተናገረም። ሆድ ይፍጀው አለ። የተናገረው ዕለት እውነት የሚሆን መሰለው፣ ምስኪን።

ሐሙስ ዕለት ቅዝቃዜው ጆሮ ይቆርጥ ነበር። አዳራሹ ግን በሰው ትንፋሽ ሞቋል። ሰብሳቢዋ ሎይስ የተባለች ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወንበር ላይ ወጣችና በር ላይ የተመዘገበውን ሰው ቁጥር ተናገረች። መቶ አሥራ ስምንት። ስለዚህ አንድ ጥግ እንዳይፈርስ አሥራ ስምንት ሰው ያስፈልገዋል።

ኤልደን እንደ ልማዱ ከሰዓቱ ሥር፣ ዊትኮም የሚል ወረቀት ከተለጠፈበት ግድግዳ ጋ ቆመ። የዚያ ጥግ አዝማች ድዌይን ነው፤ የዘር ነጋዴ፣ የኤልደን የአርባ ዓመት ጎረቤት፣ ድምፁ ከሁለት ማሳ ማዶ የሚሰማ። ድዌይን ሰዎቹን በጣቱ እየነካ ቆጠረ። አሥራ ሰባት።

«አንድ! አንድ ሰው!» አለ ፀጉሩን እየነጨ። «ኤልደን፣ አንተ ሰው፣ ዘንድሮ እንኳ ሚስትህን ለምናት!»

«እሷ ተለምና አታውቅም» አለ ኤልደን። ዓይኑ በሩ ላይ ነው።

ካርላ በር ላይ ያስመዘገበቻትን እናቷን ይዛ ገባች። አርዲስ ሰማያዊ ካፖርቷን ለብሳለች፣ ፀጉሯ ተበጥሯል፣ ከንፈሯን ሳይቀር ቀለም ነክተዋታል። ካርላ ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ደረሰችና እጇን ለቀቀች። ለአባቷ ቃል ገብታለታለች፤ ከዚህ ወዲያ አንድ እርምጃ አትመራትም።

አርዲስ ብቻዋን ቆመች። በስተግራዋ፣ አሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ኮራ ሜድሊን የሚል ሰፊ ወረቀት አለ። ሥሩ የቆሙት ግማሾቹ የወጥ ቤት ጓደኞቿ ናቸው። «አርዲስ! ነይ እንጂ!» አሏት። ዘወር ብላ አየቻቸው፣ ፈገግ አለችላቸው። ሂጂ፣ አለ ኤልደን በሆዱ፤ ሂጂ የኔ እመቤት፣ አሥር እርምጃ ናት። በሕይወቱ ሙሉ የራሱ ጥግ እንዲሸነፍ ሲጸልይ ይህ የመጀመሪያው ነው።

አርዲስ ፊቷን መለሰች። አዳራሹን ስትቃኝ ቆየችና ዓይኗ ኤልደን ላይ አረፈ። ቀስ እያለች የቅርጫት ኳስ ሜዳውን መሐል ለመሐል ሰንጥቃ መጣች። ኤልደን ፊት ደርሳ እጅጌውን ያዘችው።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። «ከአርባ ዓመት በኋላ!» ብሎ ጮኸ ድዌይን፣ ባርኔጣውን ወደ ላይ ወርውሮ። «እጇን ሰጠች! አሥራ ስምንት! አሥራ ስምንት ሞላን!» ሎይስ ሳትቀር ፊሽካዋን ነፋች። ሴቶች እንባቸውን ጠረጉ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ እየተጎሸሙ፣ እንዲህ ያለ ፍቅር ዘንድሮ የለም አሉ።

በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል አርዲስ ወደ ኤልደን ጆሮ ጠጋ አለች።

«ጠዋት እንቁላል የጠበሱልኝ እርስዎ ነዎት አይደል?» አለችው በለሆሳስ። «እባክዎ፣ የት ልቁም? ሰዎቹ ሁሉ እያዩኝ ነው።»

ኤልደን እጇን በእጁ ሸፈነው። ጭብጨባው አላቆመም። ከአንጀት ያዘነን ሰው ጭብጨባ እንዴት እንደሚያቆስለው ያጨበጨቡት አያውቁም፤ እኔም ካጨበጨቡት አንዱ ነበርኩ።

ካርላ እያለቀሰችም እየሳቀችም መጣች። «አባዬ፣ ይሁን። አሸነፍክ። ኮራን ትታ አንተን መረጠች። ነገ ደውዬ አልጋውን ለሌላ ስጡ እላቸዋለሁ።»

አንድ ቃል አይፈለግበትም ነበር። ዝም ማለት ብቻ። ዝም ቢል ሚስቱ ቤቱ ትቀራለች፣ ዊትኮም አሥራ ስምንት ይሞላለታል፣ ከተማው ሁሉ ለዓመታት ያወራዋል። የፈለገው ሁሉ ሳይለምን እጁ ገባ። ሎይስም የመጀመሪያው ቆጠራ ማለቁን፣ ቦታ መቀየር የሚፈልግ ካለ አሁን እንዲቀይር አሳወቀች።

ኤልደን የአርዲስን ክንድ በክንዱ አጣምሮ መራመድ ጀመረ።

«የት ነው?» አለ ድዌይን። «ኤልደን! ሽንት ቤት ከሆነ ቆይ፣ ልቁጠራችሁና ሂዱ!»

ኤልደን ዘወር አላለም። ሚስቱን ይዞ ያንን ሜዳ መልሶ አቋረጠና ኮራ ሜድሊን የሚለው ወረቀት ሥር አደረሳት። ጓደኞቿ ቦታ ለቀቁላት።

«የአንቺ ቦታ እዚህ ነው» አላት። «ሳህን ያጠበችው ሴትዮ ናት። ብርጭቆ መጀመሪያ ያልሻት።»

አርዲስ ወረቀቱን ቀና ብላ አየች፤ ማንበቧን እንጃ። ከዚያ ግን ወደ አዳራሹ ማዶ፣ ወደ ሰዓቱ ወገን፣ አንገቷን አስግጋ መፈለግ ጀመረች። ግንባሯ ተቋጠረ።

«ባሌ የለም» አለች።

«ማን?»

«ባሌ ኤልደን። ሁልጊዜ እዚያ ሰዓቱ ሥር ነው የሚቆመው። ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ።» ወደ እሱ ዞረች፤ ዓይኗ ጭንቀት ሞልቶታል። «ታሞ ይሆን እንዴ? እርስዎ አላዩትም? ረጅም ነው፣ ኩርፊያ ይወዳል።»

ኤልደን የካፖርቷን ኮሌታ አስተካከለላት።

«አሁን ይመጣል» አላት። «ልጥራልሽ።»

ሜዳውን ተመልሶ ተሻገረ። ድዌይን ፊቱ በርበሬ መስሎ ጠበቀው። «አንተ ሰው አብደሃል? እኮ በአንድ ሰው! በአንዲት ሚስትህ! ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ!»

«ድዌይን፣ ይቅር በለኝ» አለ ኤልደን። ድዌይን ሊቀጥል አፉን ከፍቶ ሳለ የጎረቤቱን ፊት አየ፤ አፉን ዘጋ።

ሎይስ ቆጠረች። አሥራ ሰባት። የዊትኮም ጥግ ፈረሰ። ሰዎቹ እያጉረመረሙ ካፖርታቸውን እየያዙ ወደየሌላው ጥግ ተበተኑ፤ ድዌይንም የኤልደንን ትከሻ አንድ ጊዜ መታ አድርጎ ተከተላቸው። ሰዓቱ ሥር ኤልደን ብቻውን ቀረ።

«ኤልደን፣ ጥግህ ፈርሷል» አለች ሎይስ ከወንበሯ ላይ። «ከአንዱ ካልተቀላቀልክ ልቆጥርህ አልችልም።»

«አትቁጠሪኝ።»

«አንተ እኮ ሳትቆጠር ቀርተህ አታውቅም።»

«ዘንድሮ አትቁጠሪኝ ሎይስ» አለ። ባርኔጣውን አወለቀና ፊቱ እንዲታይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ማዶ አርዲስ ጓደኞቿን በክርኗ ገፋ ገፋ አድርጋ ወደ ፊት ወጣች። አየችው። ፊቷ በራ። እጇን ካፖርቷ ኪስ ከትታ የሳህን ጨርቋን አወጣችና ከራሷ በላይ አድርጋ አውለበለበችለት። ኤልደን ኮስተር አለ። ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። አርዲስ እንደ ልጃገረድ ሳቀች። አዳራሹ ዘንድሮ አልሳቀም፤ ነገሩ ለሰዉ ሁሉ ቀስ እያለ እየገባው ነበር።

ካርላ አባቷ አጠገብ መጥታ ቆመች። «አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው? እናቴ እኮ መጥታልህ ነበር።»

«እኔ ጋ አልመጣችም። የት ልቁም ብላ ነው የጠየቀችኝ።» ዓይኑን ከማዶው ጥግ አላነሳም። «ከኅዳር ጀምሮ ሶፋ ላይ ነው የምተኛው ካርላ። አጠገቧ ያለው ሽማግሌ ማን እንደሆነ አታውቅም፤ ትፈራዋለች። ከዚህ ስሆን ግን አወቀችኝ። አየሽ አይደል?»

«አየሁ» አለች ካርላ። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

«በስሜ ነው የጠራችኝ። ኤልደንን አላዩትም ብላ፣ እኔኑ።»

ካርላ እጁን ያዘችው። ሎይስ ከወዲያ በኩል የኮራ ሜድሊንን ሰዎች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትቆጥራለች፤ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት፣ አርዲስ ሃያ አራት።

«ያ ሰኞ የምንወስዳት ቤት» አለ ኤልደን።

«እ?»

«የምግብ አዳራሹ ከማዶ ልቆምላት የሚበቃ ሰፊ ነው?»

ካርላ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ጥሩ» አለ ኤልደን። ማዶ አርዲስ ጨርቁን ገና አላወረደችም።